ግዙፎቹን ዛፎች ያቆማቸው ውሃው ነው

ከሳውዝ ካሮላይና ዋና ከተማ ከኮሎምቢያ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የነዳ ሰው ኮንጋሪ ብሔራዊ ፓርክ ይደርሳል። መግቢያው በነፃ ነው። በእንግዳ መቀበያው ቤት የዕለቱን የቢምቢ ብዛት የሚያመለክት ባለ ቀስት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቁጥሩ ከ1 ጀምሮ 6 ላይ ያበቃል፤ 1 ማለት ሰላም ነው፣ 6 ደግሞ «የጦር ቀጠና»። ጎብኚዎች በሰሌዳው ፊት ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እጅጌያቸውን ያወርዳሉ። ብዙዎቹ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ሐሳብም ከሰሌዳው ጋር ይስማማል፦ ረግረግ ማለት ቢምቢ፣ እባብ፣ ማጥና ሽታ ነው፤ ዛፎቹ እንዲህ የገዘፉት በረግረግ ውስጥ ቢሆኑም ነው።

የተሳሳተችው ያቺ «ቢሆኑም» የምትለው ቃል ናት። የኮንጋሪ ዛፎች የገዘፉት መሬቱ ረግረግ ቢሆንም ሳይሆን ረግረግ ስለሆነ ነው። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከ200 ዓመት በላይ በአሜሪካ ደቡብ የረግረግ ደኖች ላይ የወረደው ጥፋት የተመሠረተው በዚህችው ቃል ላይ ነው፦ ውሃው የመሬቱ ጉድለት ነው፣ ጉድለቱ ሲወገድለት መሬቱ ይሻሻላል። ይህ እምነት ዛሬም በፍርድ ቤት ውሳኔ፣ በመሬት ገበያ፣ ደኑን እንወዳለን በሚሉ ሰዎች አንደበት ሳይቀር ሕያው ነው። እምነቱ ግን ስህተት ነው። ስህተት ለመሆኑም ደኑ ራሱ ቆሞ ይመሰክራል።

ከመቀበያው ቤት የሚነሳው የእንጨት መተላለፊያ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በደኑ ውስጥ ዞሮ ይመለሳል። በእሱ ላይ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ዛፎቹ ከታች መወፈራቸውን ነው። ሳይፕረስና ቱፔሎ የሚባሉት ዛፎች ግንድ እግሩ ሥር እንደ ገንቦ ሆድ አብጦ ወደ ላይ እየቀጠነ ይወጣል። ከሳይፕረሱ ሥሮች ላይ አንዳንዶቹ የልጅ ቁመት የሚያህሉ ሾጣጣ እንጨቶች ጭቃውን በስተው ቆመዋል፤ አገሬው «ጉልበት» ይላቸዋል። ለምን እንደሚበቅሉ የዕፅዋት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከፍ ሲል ደግሞ ከሰው ራስ በላይ ሳይቀር በየግንዱ ዙሪያ እኩል የተሰመረ የደረቀ ጭቃ ይታያል። የመጨረሻው ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው። ያን መስመር ከግንድ ወደ ግንድ በዓይኑ የተከተለ ሰው በውሃ ወለል ሥር እየሄደ መሆኑ ይገባዋል።

ኮንጋሪ በጥብቅ ትርጉሙ ረግረግ እንኳ አይደለም። ውሃ ዓመቱን ሙሉ አይተኛበትም፤ የሚተኛው በዝቅተኛው ሥፍራ ብቻ ነው። ኮሎምቢያ ላይ የብሮድና የሳሉዳ ወንዞች ተገናኝተው የኮንጋሪን ወንዝ ይፈጥራሉ። ከላይ ከሰሜኑ ኮረብታና ተራራ ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይሞላና ደኑን ያጥለቀልቀዋል፤ ይህም በአማካይ በዓመት 10 ጊዜ ያህል ይሆናል። ከዚያ ውሃው ይሸሻል። ሲሸሽም ከላይኛው አገር ጠርጎ ያመጣውን ለም ደለል ጥሎ ይሄዳል። አርሶ አደር ማዳበሪያ ገዝቶ፣ ተሸክሞ፣ በትኖ የሚያደርገውን ወንዙ እዚህ በየዓመቱ ደጋግሞ ያደርገዋል። 51 ሜትር የሚደርስ የሎብሎሊ ፓይን፣ በዓይነታቸው በአገሪቱ አቻ የሌላቸው ሌሎች ዛፎች፣ በአማካይ ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ የደን ጣሪያ፣ ይህ ሁሉ የቆመው በዚያ ደለል ላይ ነው። መካከለኛ የአየር ንብረት ባላቸው አገሮች ከቀሩት ቅጠል አርጋፊ ደኖች መካከል በቁመት ኮንጋሪን የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸው።

ውሃው የሚመግብ ብቻ አይደለም፤ ይመርጣልም። የጎርፍ ውሃ በአፈሩ ውስጥ ያለውን አየር ያባርራል፤ ሥሩ ይህን የማይችል ዛፍ ይታፈናል። የሚችሉት እነ ሳይፕረስና ቱፔሎ ቦታውን ይይዛሉ። የሳይፕረስ ነገር ከሁሉ ይገርማል። ዘሩ ውሃ ውስጥ እንደሰጠመ አይበቅልም። በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይጓዛል፣ ውሃው ሲሸሽ በእርጥብ ባዶ ጭቃ ላይ ያርፋል፣ እዚያ ይበቅላል። ከበቀለ በኋላም ቀጣዩ ጎርፍ ሙሉ በሙሉ ሳይውጠው በቁመቱ ማምለጥ አለበት። ስለዚህ አንድ ሳይፕረስ ለመወለድ ውሃው መምጣትም መሄድም ይኖርበታል፤ አንዱ ከቀረ ዘሩ ይመክናል። ይህን የተረዳ ሰው ውሃውን ማፍሰስም ሆነ ለዘለዓለም መገደብ ለምን አንድ ዓይነት ግድያ እንደሆኑ ይገባዋል።

ለዚህም ማስረጃው ቅርብ ነው። ከኮንጋሪ ወረድ ብሎ ወንዙ ከዋተሪ ጋር ተገናኝቶ ሳንቲ ይባላል። በ1940ዎቹ መባቻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳንቲ ለኤሌክትሪክ ኃይል ተገድቦ ማሪዮን ሐይቅ ተፈጠረ። ደኑ ገና ተመንጥሮ ሳያልቅ ውሃው ተለቀቀበት። ዛሬም ጀልባ ነጂዎች የሚጠነቀቁት ከውሃው ሥር ከቆሙት የሞቱ ግንዶች ነው። ያው ወንዝ፣ ያው ዛፍ ነው፤ የተለየው ውሃው መመላለሱን መተዉ ብቻ ነው።

ረግረግን እንደ ጉድለት ማየት ተራ የመንገደኛ አስተያየት ሆኖ አልቀረም፤ በሕግ የታወጀ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ በ1763 ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ በቨርጂኒያና በኖርዝ ካሮላይና ወሰን ላይ ያለውን ግሬት ዲዝማል የተባለ ረግረግ አድርቆ ለማረስ ኩባንያ አቋቋመ። ቦዩን የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ከ1849 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት በተከታታይ ባወጣቸው የረግረግ መሬት ሕጎች 26 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት ለ15 ክፍለ ግዛቶች ሰጠ፤ ሐሳቡ መሬቱ ተሸጦ በገንዘቡ ውሃው እንዲፈስ ነበር። ውጤቱ ተቆጥሯል። በ1780ዎቹ ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር ባለው የአሜሪካ መሬት 89 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ረግረግ እንደነበረ ይገመታል። ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ የቀረው 42 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነበር። ከግማሽ በላይ ጠፋ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የኮንጋሪ ደን የተረፈው ሰው ስላዘነለት አልነበረም። የቺካጎው የእንጨት ነጋዴ ፍራንሲስ ባይድለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሰፊ የሳንቲና የኮንጋሪ ረግረግ መሬት ገዝቶ የሳይፕረስ ግንድ ማስቆረጥ ጀመረ። መንገድ መሥራት ስላልተቻለ ግንዱ የሚወጣው በወንዝ ነበር። ነገር ግን እርጥብ የሳይፕረስ ግንድ ከባድ ነው፣ ይሰጥማል። ሠራተኞቹ ዛፉን ዙሪያውን ልጠው ቆሞ እንዲደርቅ ይተዉት፣ ቆይተው ተመልሰው ይቆርጡት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ብዙው ወንዙ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። በ1914 ገደማ ሥራው ተቋረጠ። ዛፎቹን ያበቀለው ውሃ መጋዙንም መለሰላቸው።

ውሃው ግን ለሁልጊዜ ሊጠብቃቸው አልቻለም። በ1969 የእንጨት ዋጋ ሲንር፣ መኪናና መሣሪያም ሲሻሻል ባለመሬቶቹ ወደ ቆረጣው ተመለሱ። ያን ጊዜ ደኑን ያዳነው የሰው ክርክር ነው። ሃሪ ሃምፕተን የሚባል የኮሎምቢያ ጋዜጠኛ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሚጽፍበት «ዘ ስቴት» ጋዜጣ ስለ ደኑ ይሟገት ነበር፤ ለዓመታት የሰማው ጥቂት ሰው ነው። በ1970ዎቹ ጩኸቱ የብዙዎች ሆነ። በጥቅምት 1976 የፕሬዚዳንት ፎርድ ፊርማ ያረፈበት ሕግ ቦታውን ብሔራዊ መታሰቢያ አደረገው፤ በ2003 ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። የእንግዳ መቀበያው ቤት ዛሬ በሃምፕተን ስም ይጠራል። በጠቅላላው 10,800 ሄክታር ያህል ከሆነው ፓርክ ውስጥ 4,400 ሄክታር ገደማ የሚሆነው ጥንታዊ ደን ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ከቀሩት የወንዝ ዳር ጥንታዊ ደኖች ያልተቆራረጠው ትልቁ ክፍል ይህ ነው። በአንድ ወገን ትልቅ ድል ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ በሚሊዮኖች ሄክታር ይቆጠር ከነበረው ደን ትልቁ ቅሪት ይህ ብቻ መሆኑ ልብ ይሰብራል።

በዚህ ክርክር ተቃራኒው ወገን ባዶ እጁን አይደለም፤ ሊሰማም ይገባል። የደረቀው ረግረግ ሰው መግቧል። ወባም የተረት ጠላት አልነበረም፤ በካሮላይና ቆላ ለትውልዶች ሰው ሲጨርስ ኖሯል። ልጁን በወባ የቀበረ ሰው ረግረጉ ይድረቅ ቢል ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ሆኖም አሜሪካ ወባን እስከ 1951 ድረስ ከአገሯ አጥፍታለች፤ ኮንጋሪ ግን አልደረቀም። ቢምቢው አሁንም አለ፣ ሰሌዳውም ተሰቅሎለታል፤ በሽታው ግን የለም። ስለዚህ ረግረግና ወባ አንድ ነገር አለመሆናቸውን ቦታው ራሱ ያሳያል።

የእህሉ ክርክር ከዚህ ይጠነክራል፤ መልሱም በሚሲሲፒ ሸለቆ ይገኛል። በታችኛው የሚሲሲፒ ሜዳ 10 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የወንዝ ዳር ደን ነበር፤ ዛሬ የቀረው ከአምስት አንዱ ያህል ነው። መጀመሪያ የተመነጠረው ከፍ ያለው፣ ውሃ ብዙም የማይደርስበት መሬት ሲሆን እሱ በእርግጥ ጥሩ እርሻ ወጣው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአኩሪ አተር ዋጋ ሲወደድ ግን ዝቅተኛውና ረግረጉም ተመነጠረ። ውሃው እንደ ልማዱ ተመለሰ። አዝመራው በተደጋጋሚ ተበላሸ፣ ገበሬው ተበደረ፣ መንግሥት ካሳ ከፈለ። በ1990 የወጣው የግብርና ሕግ ደግሞ ለእነዚሁ ባለመሬቶች ገንዘብ እየከፈለ እርሻውን ወደ ረግረግ፣ ማሳውንም ወደ ዛፍ መመለስ ጀመረ። አንድ አገር ደኑን ለማስመንጠር ከፍሎ፣ ለጠፋው ሰብል ከፍሎ፣ ደኑን መልሶ ለመትከል ሦስተኛ ሲከፍል ማየት ያሳዝናል። የሚተከለው ችግኝም የተቆረጠውን ዛፍ ለመተካት መቶ ዓመታት ይፈልጋል።

በዚህ መሐል በገንዘብ ያልታሰበ ሥራ አለ። በኮንጋሪው መተላለፊያ ዝቅተኛ ክፍል ከጣውላው ሥር ዶሮቫን የሚባል ጥቁር ጭቃ ተኝቷል፤ ሸክላ አፈርና የዘመናት ቅጠል የተቀላቀለበት፣ ውፍረቱ 2 ሜትር ከግማሽ የሚጠጋ። በእጅ ቢዘገን ለስላሳ ነው፣ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ብዙ ጎብኚ አፍንጫውን ይይዝበታል። ከኮሎምቢያ ከተማና ከእርሻው የሚወርደው ቆሻሻ በጎርፉ ተጭኖ ደኑ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ደለሉ ይሰፍራል፣ ጭቃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳትም ጎጂውን እየሰባበሩ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚጠቅሰው በ1990 የተደረገ ጥናት የኮንጋሪ ደን የሚያስቀረውን ብክለት ለማጣራት 5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማጣሪያ ጣቢያ ያስፈልግ እንደነበር ገምቷል። ያውም በዚያን ጊዜ ዶላር። ይህን ሁሉ የሚሠራው ያ አፍንጫ የተያዘበት ጭቃ ነው።

ኒው ኦርሊንስ ተመሳሳዩን ትምህርት በከባድ ዋጋ ተማረች። በ1960ዎቹ ለመርከብ አቋራጭ ተብሎ ከባሕረ ሰላጤው ወደ ከተማዋ በተቆፈረው ቦይ የባሕር ጨው ገብቶ በሺዎች ሄክታር የሚቆጠር ረግረግና የሳይፕረስ ደን ገደለ። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ማዕበሉን ሊያዳክሙት ይችሉ ከነበሩት ዛፎች ብዙዎቹ የሞቱ ጉቶዎች ነበሩ። ቦዩ በ2009 በድንጋይ ተዘጋ።

ሌላው የተለመደ ክርክር የሚመጣው ከደን ነጋዴዎችና ከአንዳንድ የደን ባለሙያዎች ነው፦ ያረጀ ዛፍ ዕድገቱን ጨርሷል፣ ቆሞ ከሚበሰብስ ተቆርጦ በወጣት ዛፍ ቢተካ ይሻላል። በ2014 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት 403 የዛፍ ዝርያዎችን መርምሮ በአብዛኛዎቹ ተቃራኒውን አገኘ። ዛፍ በገዘፈ መጠን በዓመት የሚጨምረው ክብደት ይበዛል እንጂ አያንስም። ትልቅ ዛፍ በአንድ ዓመት የሚያከማቸው ካርቦን ከአንድ መካከለኛ ዛፍ ሙሉ ሰውነት ጋር ሊስተካከል ይችላል። የሞተ ዛፍም ቢሆን ከሥራ አይወጣም። በመስከረም 1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ የኮንጋሪን ብዙ ታላላቅ ዛፎች ጣለ። እንጨቱ ባከነ ብለው ያዘኑ ነበሩ። ነገር ግን ከወደቁት በላይ ጣሪያው ተከፍቶ ፀሐይ ገባ፣ ጥላ ሥር ለዓመታት ሲጠባበቁ የነበሩ ችግኞችም ተምዘገዘጉ። ውስጣቸው ባዶ በሆኑ የቱፔሎ ግንዶች ጆሯቸው እጅግ ረጅም የሆነ ብርቅዬ የሌሊት ወፎች ያድራሉ፤ ጤነኛና ቀጥ ያለ ወጣት ግንድ ለእነሱ ቤት አይሆንም።

የኖርዝ ካሮላይናው ብላክ ሪቨር ደግሞ የእንጨትን ዋጋ የመጨረሻ መለኪያ ለሚያደርግ ሰው ሌላ ጥያቄ ያነሳል። በዚያ ወንዝ የቆሙት ሳይፕረሶች እንደ ኮንጋሪዎቹ አያስደንቁም። ጫፋቸው ተሰባብሯል፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ለጣውላ አይረቡም ተብለው በቆራጮች ታልፈዋል። የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስታልና ባልደረቦቹ ግንዱን ሳይጎዱ በቀጭን መሰርሰሪያ ናሙና እያወጡ ቀለበቶቹን ቆጠሩ። በ2019 ባሳተሙት ጥናት ከዛፎቹ አንዱ በ2018 ቢያንስ 2,624 ዓመት ሞልቶት እንደነበር አስታወቁ። ያ ዛፍ የበቀለው አክሱም ከመቆርቆሯ በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ነው። እነዚህ ቀለበቶች የዝናብ መዝገብም ናቸው፤ ጠባቡ የድርቅ ዓመት፣ ሰፊው የጥጋብ። ያው ስታል ቀደም ሲል በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሥራ ከቨርጂኒያ ሳይፕረሶች ያነበበው ታሪክ ቀደምት የእንግሊዝ ሰፋሪዎች የጠፉባቸው ከ1587 እስከ 1589 ያሉት ዓመታት በ800 ዓመት ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋ የሦስት ዓመት ድርቅ እንደነበረ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ያልጻፈውን ለጣውላ አልረባም የተባለ ዘመድ ዛፍ ጽፎት ተገኘ።

«ይህ ሁሉ የድሮ ስህተት ነው፤ ዛሬ ረግረግ ጠቃሚ መሆኑን ማን ይክዳል?» የሚል አይጠፋም። የሚክድ አለ፤ ያውም በአገሪቱ ከፍተኛው ችሎት። በግንቦት 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአይዳሆ ከአንድ ቤት መሥሪያ ቦታ በተነሳ ክርክር የውሃ ንጽሕና ሕጉ የሚጠብቀውን ረግረግ ወሰነ። አምስት ዳኞች እንዳሉት ረግረጉ የሚጠበቀው ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ጋር በገጽ ላይ ያልተቋረጠ የውሃ ግንኙነት ካለው፣ ውሃው የት አብቅቶ ረግረጉ የት እንደሚጀምር ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ከተያያዘ ብቻ ነው። በፍርዱ ውጤት የተስማሙት ዳኛ ካቫና በዚህ ፍቺ ግን አልተስማሙም፤ በሚሲሲፒ ዳር የጎርፍ መከላከያ አጥር ከወንዙ የለያቸው ረግረጎች ከጥበቃ ውጭ ሊቀሩ እንደሚችሉ አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመት የብላክ ሪቨር አገር ኖርዝ ካሮላይና፣ ገዥዋ ቢቃወሙም፣ የራሷን የረግረግ ጥበቃ ወደዚሁ ጠባብ ፍቺ ዝቅ አደረገች።

ፍቺው የሚያየው በአንድ ቀን የተነሳ ፎቶግራፍ ነው። ኮንጋሪን በመስከረም የጎበኘ ሰው በብዙው ክፍል ውሃ ላያይ ይችላል፤ ቅጠል የለበሰ ደረቅ መሬት ይረግጣል። በየካቲት የመጣ ሰው ደግሞ በዚያው ቦታ በታንኳ ሊያልፍ ይችላል። የትኛው ነው እውነተኛው ኮንጋሪ? ሁለቱም። ግንኙነቱ የማይቋረጠው በዓመቱ ዑደት ውስጥ እንጂ በየዕለቱ ገጽታ ላይ አይደለም። ኮንጋሪ ፓርክ ስለሆነ በራሱ ሕግ ይጠበቃል። እንደ እሱ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚጥለቀለቅ፣ ግን ፓርክ ያልሆነ የወንዝ ዳር ደን ሁሉ ዕጣው በደረቁ ወራት ቆሞ በሚፈርድ ዓይን እጅ ወድቋል። የሕጉ ፍቺ መለወጥ አለበት፤ መለኪያውም ጎርፍ የሚደርስበት ልክ መሆን ይገባዋል፤ ያ ልክ ደግሞ በየግንዱ ላይ በጭቃ ተጽፏል።

ደን ወዳዱም ከዚህ ስህተት ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም። ስለ ኮንጋሪ በሚነገረው ሁሉ «የሰው እጅ ያልነካው» የሚል ሐረግ አይጠፋም። ሐረጉ ውዳሴ ይመስላል፤ ነገር ግን ቦታውን ከወንዙም ከሰውም ነጥሎ ሙዚየም ያደርገዋል። ስሙን የሰጡት የኮንጋሪ ሕዝቦች አውሮፓውያን ባመጡት ፈንጣጣና በጦርነት ሳይመናመኑ በፊት የኖሩበት አገር ነው። በደኑ ውስጥ ከፍ ብለው የተከመሩ የአፈር ጉብታዎች አሉ፤ በባርነት የተያዙ ሰዎች በእጃቸው የሠሯቸው ናቸው፣ ጎርፍ ሲመጣ ከብቱ እንዲሸሽባቸው። በግሬት ዲዝማልም በኮንጋሪም ከእርሻው ባርነት ያመለጡ ሰዎች ረግረጉ ውስጥ ተሸሽገው ኖረዋል፤ ማሩን ይባላሉ። በግሬት ዲዝማል የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በረግረጉ መሐል ባሉ ደረቅ ደሴቶች ላይ የኑሯቸውን ቅሪት ቆፍረው አግኝተዋል። ለባለ እርሻው ጠፍ የነበረው ማጥ ለእነሱ አሳዳጅ ፈረስ የማይገባበት አገር ነበር። ይህን እያወቁ የሰው እጅ አልነካውም ማለት እነዚያን ሰዎች ሁለተኛ መካድ ነው።

ሙዚየም የማድረጉ ችግር ዛሬም ይነካል። የፓርኩ ወሰን ውሃውን አያጥርም። በሳሉዳ ላይ በ1930 የተጠናቀቀው የማሪ ሐይቅ ግድብ ወደ ደኑ የሚወርደውን ጎርፍ ለውጦታል፤ የኮሎምቢያ ፍሳሽና የላይኛው አገር ግንባታም እንዲሁ። በጥቅምት 2015 በሳውዝ ካሮላይና ታሪካዊ ጎርፍ ወርዶ በኮሎምቢያና በዙሪያዋ በርካታ ትናንሽ ግድቦች ሲደረመሱ ውሃው የወረደው ወደዚሁ ደን ነው። ደኑ ያን ጎርፍ ተቀብሎ ማብረድ የቻለው ሰፊና ክፍት ስለነበረ ነው። ዛፎቹን እንወዳለን የሚል ሰው ከፓርኩ አጥር 100 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ላለው ወንዝም መከራከር አለበት።

በኢትዮጵያም ረግረግ ጠፍ ነው የሚለው አባባል እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በዐውደ ዓመት ቤት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ የሚታጨደው ከረግረግ ነው፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት የሚጠራበት «ጨፌ» የሚለው ቃልም የተወሰደው ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ለምለም፣ ውሃ አዘል ሜዳ ነው። ቋንቋው የረግረግን ክብር ያውቃል።

ጎርፍ በሚወርድበት ሳምንት የኮንጋሪ መተላለፊያ ዝቅተኛው ክፍል ይዘጋል። ከሩቅ የመጡ ጎብኚዎች ጎርፉ ጉብኝታቸውን አበላሸው ብለው ተከፍተው ከመቀበያው ቤት በር ይመለሳሉ። ከፍ ካለው ጣውላ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ግን ሻይ የመሰለው ውሃ በግንዶቹ መካከል ያለ ድምፅ ሲገባ ያያል። ትናንት የእግር ዱካ በነበረበት ቦታ ዓሦች ይመጣሉ። ከቀናት በኋላ ውሃው ይመለሳል፤ ጣውላው ላይ፣ የሳይፕረሱ ጉልበት ላይ፣ የወደቀው ግንድ ጀርባ ላይ ስስ የቡና ቀለም ያለው ጭቃ ተቀብቶ ይቀራል። በግንዱና በጭቃው መጋጠሚያ፣ ውሃው ተንሳፋፊውን ሁሉ ገፍቶ ባቆመበት ጠርዝ፣ ከቅጠል ስብርባሪ ጋር ጎርባጣ ቡናማ የሳይፕረስ ዘሮች ተደርድረዋል፤ ግማሽ አካላቸው ጭቃው ውስጥ ገብቷል።